የሞጣ ስም፣ የቢቸና ውጤት

ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ይኮራል። አንዱ በበሬው፣ አንዱ በድምፁ፣ አንዱ ደግሞ እንዲሁ ያለ ምንም ምክንያት። የእኔ ኩራት ሠላሳ አራት መስመር ያላት አንዲት ጽሑፍ ነበረች። ዛሬ አርባ መስመር ሆናለች። እነዚያ ስድስት መስመሮች በምን ምክንያት እንደተጨመሩ ላጫውታችሁ። ወሬ ተርፎኝ አይደለም፤ ብቻዬን ይዤው ስለከበደኝ ነው።

ቢቸና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምራለሁ። የኮምፒውተር ትምህርት ማለት ነው። ኮምፒውተሮቹ ከተማሪው ቁጥር በጣም ስለሚያንሱ ግማሹን የማስተምረው በጠመኔ ነው። ሰሌዳው ላይ ማውዝ እሥላለሁ፤ ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል። አንዱ ጆሮና ጢም ጨምሮበት ሲያበቃ "ሙሉ ማርክ ይገባኛል" ብሎ ተከራክሮኛል። ሰጠሁት። ከእኔ ማውዝ የእሱ ነፍስ ነበረው።

ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር ሁሉ ሮስተር ዘርግቶ ይቀመጣል። ሮስተር የተማሪው ስም ወደ ታች፣ የትምህርቱ ዓይነት ወደ ጎን የሚጻፍበት፣ እንደ አንሶላ የሰፋ ወረቀት ነው። መምህሩ ከዚያ ላይ ደምሮ፣ አካፍሎ፣ ደረጃ አውጥቶ፣ በእያንዳንዱ ተማሪ ካርድ ላይ በእጁ ይጽፋል። አንዱን ልጅ ረስቶ ከሆነ የሁሉም ደረጃ ይናጋና እንደገና ይጀምራል። በዚያ ሳምንት የመምህር ቤት ትዳር ይፈተናል ይባላል።

እኔ ሰነፍ ነኝ። ስንፍናዬን ግን ዝም ብዬ አላስቀመጥሁትም፤ አስተማርሁት። ስክሪፕት ጻፍሁ። ስክሪፕት ለኮምፒውተር የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር ነው፤ "መጀመሪያ እዚህ ግባ፣ ከዚያ ይህን አንሣ፣ ከዚያ ደምር፣ ከዚያ አትም" እያለ በተራ የሚነግረው። የእኔዋ የተማሪ ስም ከአንድ ፋይል፣ ውጤቱን ከሌላ ፋይል ታነሣለች፤ በተራ ቁጥር ታጣምራለች፤ ካርዱን ታወጣለች። የሳምንቱ ሥራ የግማሽ ሰዓት ሆነ። መምህራኑ ማረፊያ ክፍል ስገባ እግሩ የማይነቃነቀውን ወንበር ይለቁልኝ ጀመር። ሰው ማለት እንግዲህ የተቀመጠበትን ወንበር ያህል ነው፤ እኔም አመንሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አጭር ነው፤ እሱን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ግልጽ ነው። ኮምፒውተር የሚሰማችሁ ምንጊዜም አንድ ፎልደር ውስጥ ቆሞ ነው። "ውጤት የሚባለውን ፋይል አምጣ" ብላችሁ የት እንዳለ ካልነገራችሁት፣ የሚፈልገው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ሙሉ አድራሻውን፣ ከላይ ጀምራችሁ፣ ፎልደር በፎልደር ከነገራችሁት ግን የትም ይቁም የት ሄዶ ያመጣዋል። ለተማሪዎቼ ይህን ሳስተምር አባቴን ነበር ምሳሌ የማደርገው። አባቴ ገበያ መጥቶ ስልክ ሲደውልልኝ "እዚህ ነኝ፣ ነይ" ይለኛል። "እዚህ የት ነው?" ስለው "እዚህ ነዋ፣ የቆምሁበት" ይላል። ክፍሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሚገርመው፣ ስክሪፕቴ ውስጥ ያለችው "ውጤት" ልክ እንደ አባቴ "እዚህ" ነበረች። ቢቸና ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተሳሳትሁት ሁልጊዜ ከትክክለኛው ፎልደር ቆሜ ስለማዝዝ ነው፤ በልማድ እንጂ በእውቀት አልነበረም።

አቶ ምናለ የተባሉ ሰው ለስብሰባ ቢቸና መጡ። ሞጣ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም አካባቢ ቅኔ ቤት ቆይተዋል፤ ዛሬም ነገር ሲሰሙ ከላዩ አልፈው ሥሩን የሚያዩ ሰው ናቸው። ካርዶቹ ሲወጡ አይተው፣

"ልጄ፣ ይህን ነገር ለእኛም ብታደርጊልን" አሉኝ።

እሺ ያልሁት "ለእኛም" የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ነው።

ሞጣ የሄድሁ ቀን የመምህራኑ ክፍል ሞልቶ ጠበቀኝ። ለሙከራ ዘጠነኛ "ሀ" ተመረጠ፤ ሃምሳ ሁለት ተማሪ። የክፍሉ ኃላፊ የተማሪውን ስም በአንድ ፋይል፣ ውጤቱን በሌላ ፋይል አስገብቶ፣ ሥራውን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ አስቀምጧል። የውጤቱን ፋይል ያስቀመጠበትን ፎልደር "9ኛ ሀ ውጤት" ብሎ ሰይሞታል። ለሰው ዓይን እንደዚህ ያለ ግልጽ ስም የለም።

ፍላሼን ሰካሁ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት እዚያው ፍላሹ ላይ ከፈትሁ። የስም ዝርዝሩን ሙሉ አድራሻ አስገባሁ፤ ትክክል ነበር። ከዚያ የስክሪፕቷን የመጀመሪያ መስመር፣ ከነሙሉ አድራሻው፣ "9ኛ ሀ ውጤት ወደሚባለው ፎልደር ግባ" እንድትል አደረግሁ። እዚህ ላይ ነው የወደቅሁት። ኮምፒውተር በትእዛዝ መስኮት በኩል ስታናግሩት ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ቃሉ ያለቀ ይመስለዋል። ሦስቱ ቃላት የአንድ ፎልደር ስም መሆናቸውን እንዲያውቅ በትምህርተ ጥቅስ ማጠር ነበረብኝ። አላጠርሁም። ስለዚህ አንድ ስም ሳይሆን ሦስት የተለያየ ነገር የተነገረው መሰለውና፣ መግባት እንዳልቻለ የሚገልጽ አንዲት መስመር ጻፈ።

ከዚያስ? የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አልቆመም። "አልገባሁም" ብሎ ተናግሮ፣ እንደ ገባ ሰው ወደሚቀጥለው ትእዛዝ አለፈ። የቆመው ግን አሁንም ፍላሼ ላይ ነው። ፍላሼ ላይ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የሠራሁበት የቢቸና ዘጠነኛ "ሀ" ፋይል አለ፤ ስሙም "ውጤት" ነው። "ውጤትን አምጣ" ሲባል አገኘ፤ አመጣ። የሞጣን ስምና የቢቸናን ውጤት፣ አንደኛውን ከአንደኛው፣ አሥረኛውን ከአሥረኛው፣ በተራ ቁጥር አጋባቸው።

ያችን አንዲት የአቤቱታ መስመር አላየኋትም አልልም። ብልጭ ስትል አይቻለሁ። ወዲያው ሃምሳ ሁለት ስም እየተከታተለ መጣና ወደ ላይ ገፋት። በዚያ ላይ ሻይ መጣ። በዚያ ላይ አንዱ መምህር "ይች ናት እንግዲህ የተማረች ማለት" አለ። ሰው ሲመሰገን ጆሮው ይከፈትና ዓይኑ ይዘጋል።

ፕሪንተሩ ካርድ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያውን አንሥቼ አየሁ፤ ስሙ የሞጣ ልጅ፣ ክፍሉ ዘጠነኛ "ሀ"። ቁጥሮቹንም አየሁ፤ ቁጥር ይመስላሉ። የክፍሉ ኃላፊ ፈረመ፤ ማኅተም ተመታ፤ ሐሙስ ዕለት ለተማሪው ታደለ። እኔ ያን ጊዜ ቢቸና ተመልሼ በማይነቃነቀው ወንበሬ ላይ ነበርሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ምናለ ደወሉ። ደኅንነቴን ጠየቁ፤ ቤተሰቤን ጠየቁ፤ ቢቸና ዝናብ መጣል አለመጣሉን ጠየቁ። 

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኮምፒውተር ሰው ይጠላል?"

"አይጠላም።"

"ይወድዳልስ?"

"አይወድድም።"

"እንግዲያ ችግር አለብን" አሉ።

ፈተናው ሳይደርስ ባሕር ዳር ወንድሙ ጋ የሄደ አንድ ልጅ እንግሊዝኛ ሰማንያ ሰባት አግኝቷል። ከትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኞች አንዷ፣ ከልጆቹ ጋር አብረው ዘጠነኛ ክፍል የሚማሩ ትልቅ ሴት፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጥተዋል። ስሟ ከአንደኝነት ወርዶ የማያውቅ ፈቲያ የምትባል ልጅ ደግሞ አርባ ስምንተኛ ሆናለች።

"የክፍሉ ኃላፊ ሲያስገባ ተሳስቶ ይሆናል" አልኋቸው። "ኮምፒውተር የሰጡትን ነው የሚሠራ።"

ይህችን ዓረፍተ ነገር የእኛ ሙያ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። እንደ አቡነ ዘበሰማያት ናት፤ ሲጨንቀን እንደግማታለን።

"እኔም እንደዚያ ብዬ ጠየቅሁት። ሮስተሩን አምጥቶ አሳየኝ፤ የእሱ ትክክል ነው። ካርዱ ነው ሌላ የሚለው። ልጅቱ ከሐሙስ ጀምሮ ከቤት አልወጣችም፤ አባቷም ሱቁን ዘግቶ ሁለት ጊዜ እኔ ዘንድ መጥቷል። ካርዷን ላንብብልሽ? ሒሳብ አርባ አንድ። ፊዚክስ ሠላሳ ስምንት። ባዮሎጂ አርባ አራት። አይሲቲ ስድሳ ሦስት…"

አይሲቲ ስድሳ ሦስት ሲሉ አስቆምኋቸው። ሒሳብ አርባ አንድ፣ አይሲቲ ስድሳ ሦስት የሆነች ልጅ ዐውቃለሁ። ስድሳ ሁለት ነበረች፤ አንዷን ማርክ የጨመርሁላት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ጥያቄ ጀምራ ሳትጨርስ ብትተወውም፣ የጀመረችበት መንገድ ትክክል ስለነበረ።

"የፈቲያ ተራ ቁጥር ስንት ነው?" አልሁ።

"አርባ አራት።"

የእኛን ሮስተር ከፈትሁ። የቢቸና ዘጠነኛ "ሀ"፣ ተራ ቁጥር አርባ አራት፣ ጽጌ። ሒሳብ አርባ አንድ፣ ፊዚክስ ሠላሳ ስምንት። አንደኛ የወጡትን ሴትዮ ተራ ቁጥርም ጠየቅሁ። ሠላሳ አንድ። የእኛ ሠላሳ አንደኛ ያሬድ ነው፤ የትምህርት ቤታችን ጎበዝ።

"አቶ ምናለ" አልሁ። "የክፍሉ ኃላፊ አልተሳሳተም። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ሰኞ እመጣለሁ።"

"አዎ፣ ብትመጪ ጥሩ ነው" አሉ፤ እንደገናም ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ።

ሰኞ ጠዋት ከመናኸሪያው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ የጫማ ካርቶን አለ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ሞጣ፣ ለሥራ አልኋቸው። ካርቶኑን ከፍተው አሳዩኝ፤ አርባ ሦስት ቁጥር፣ ጥቁር፣ አዲስ።

"ለእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው አርባ ሰባተኛ ነበር። አሁን ስንተኛ የወጣ ይመስልሻል?"

"እንጃ።"

"ሦስተኛ። ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ‘ሀ’። ለካ እስከ ዛሬ መምህራኑ ይበድሉት ኖሯል። ዘንድሮ ኮምፒውተር ነው አሉ ደረጃ ያወጣው። ኮምፒውተር እኮ አያዳላም።"

"አያዳላም" አልሁ። እውነት ነው፤ ሲሳሳትም ለማንም አያዳላም።

ልንገራቸው አፌን ሦስት ጊዜ ከፈትሁ። በመጀመሪያው ላይ ጉድጓድ መጣና አንገጫገጨን። በሁለተኛው ላይ ካርቶኑን እየጠቀለሉ ነበር። በሦስተኛው ላይ አሸልቧቸው አገኘኋቸው፤ ካርቶኑን አቅፈዋል። ፈለገ ብርሃንን አልፈን ሞጣ እስክንደርስ ድረስ ከዚያ ጫማ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። በኋላ እንደሰማሁት ልጁ ጫማውን አልተነጠቀም። አጎትየው "እግሩ እንደሆነ አልተቀየረ" አሉ አሉ።

ሞጣ ደርሼ ከአቶ ምናለ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ያደረግሁትን ሁሉ በዝግታ ደገምሁላቸው። ያች አንዲት የአቤቱታ መስመር ስትመጣ በጣቴ አሳየኋቸው። 

"ቅኔ ይዘረፋል" አሉ። "ግን ቤት መምታት አለበት። የአንቺዋ ቤት ሳትመታ ነው የዘረፈችው።"

ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። የፎልደሩን ስም በትምህርተ ጥቅስ አጠርሁ። ስክሪፕቷ ከመጀመሯ በፊት የቆመችበትን ቦታ እንድትናገር አደረግሁ። የውጤቱንም ፋይል ሙሉ አድራሻ ሰጠኋት። ቀጥዬም ከመጀመሪያው መስመር ሥር አንድ ትእዛዝ ጨመርሁ።

"ይህስ ምን ይላል?" አሉ።

"ካልገባህ ቁም ይላል።"

አቶ ምናለ መነጽራቸውን አወለቁ። "ካልገባህ ቁም። ሰሙ ቤቱ ውስጥ ካልገባህ፣ ወርቁ ነገሩ ካልገባህ። ይህን ደብተር ላይ ልጻፈው።"

"ወርቁ የእኔ ነው" አልኋቸው።

ትክክለኛዎቹ ሃምሳ ሁለት ካርዶች ወጡ። አቶ ምናለ ካርዶቹን በክፍል እናድላለን፣ አንቺ አትድከሚ አሉኝ። ሁለቱን ግን ራሴ ካልሰጠሁ አልሄድም አልሁ።

የመጀመሪያዋ ለእትዬ ይመኙሻል ነበረች፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ። የዘጠነኛ "ሀ"ን ክፍል ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ስለ እሳቸው አቶ ምናለ መንገድ ላይ ነግረውኛል። አሥራ አንድ ዓመት የየክፍሉን ሰሌዳ ሲያጸዱ ኖረው፣ አንድ ቀን "ያላነበብሁትን ስደመስስ እስከ መቼ" ብለው የጎልማሶች ትምህርት ገቡ፤ ከዚያ ክፍል በክፍል እያሉ ዘጠነኛ ደረሱ። አሁን ጠዋት ይጠርጋሉ፤ ከሰዓት ዩኒፎርም ለብሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ።

"እትዬ ይመኙሻል፣ የምነግርዎ ነገር ነበረኝ።"

መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "ስለ ካርዱ ነው?"

"እንዴት ዐወቁ?"

"ልጄ፣ ሒሳብ ዘጠና ሦስት ይላል። እኔ ከኋላ ያሉትን ስድስት ጥያቄዎች ባዶ ነው የተውኋቸው። ዕድሜዬን ሙሉ እኮ ከራሴ ጋር ነው የኖርሁት፤ ስንት እንደማወጣ አላጣውም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

ካርዱን ከደረታቸው አወጡ፤ በላስቲክ ጠቅልለውታል። "እሁድ የሰንበቴ ተራዬ ነበረ። እነዚያ ሰዎች ‘ይህች ሴትዮ በዚህ ዕድሜዋ ምን ቆርጧት ከልጅ ጋር ትንጫጫለች’ ሲሉኝ የኖሩ ናቸው። እሁድ ትለፍልኝና ሰኞ ለምክትሉ እነግራለሁ አልሁ። ዛሬ ሰኞ ነው። ጠርጌ ልሄድ ስል ቀደምሽኝ።"

"አንደኛ ነኝ ብለው ነገሯቸው?"

"እኔ አላልሁም። ካርዱን መሶቡ አጠገብ አስቀመጥሁ። እነሱ ናቸው ያነበቡት።" ንግግራቸው ላይ ኃጢአት እንዳይገኝበት ተጠንቅቀው ነው የተናገሩት፤ ከንፈራቸው ግን ሊስቅ ይሞክር ነበር።

አዲሱን ካርድ ሰጠኋቸው። ጣታቸውን ከሥሩ እያስኬዱ እያንዳንዱን ቁጥር አነበቡ። ሃያ አራተኛ ናቸው።

"ከስንት?"

"ከሃምሳ ሁለት።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "ከእኔ በታች ሃያ ስምንት ልጅ አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያ ይህንንም ያንብቡት" አሉና አዲሱን በላስቲኩ ጠቅልለው ወደ ደረታቸው መለሱ። አሮጌውን ለእኔ ሰጡኝ። "ይህ የማን ነበር?"

"የአንድ ቢቸና ያለ ልጅ ነው። ያሬድ ይባላል።"

"አራት ቀን በአደራ ይዤለት ነበር በይልኝ። ምንም አላጎደልሁበትም።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው የሄድሁባቸው ሴትዮ አጽናንተው ሸኙኝ። ወጣ ስል መጥረጊያው እንደገና ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

ሁለተኛዋ ካርድ ቀላል አልነበረችም። የፈቲያ አባት ጋሽ ሰዒድ ሞጣ ገበያ አጠገብ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣሉ። ሱቃቸው ተከፍቶ ነበር፤ እሳቸው ግን ለመሸጥ የተቀመጡ አይመስሉም። አቶ ምናለ አስተዋወቁኝ። እኔም ቆሜ፣ የሆነውን ሁሉ፣ የፎልደሩን ስም፣ ፍላሹን፣ ሻዩን ሳይቀር ተናገርሁ። ጋሽ ሰዒድ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ጥፋቱ የልጄ አይደለም ማለት ነው" አሉ።

"አይደለም። የእኔ ነው።"

"አልተቆጣኋትም" አሉ፤ ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። "አንድ ክፉ ቃል አልወጣኝም። ሐሙስ ካርዱን ሰጥታኝ ‘አባዬ፣ ይህ የእኔ አይደለም’ አለችኝ። እሺ አልኋት። ግን እሺ ያልሁበት አባባል… እሷ ታውቀዋለች። ላትገዛ ዋጋ የምትጠይቅን ሰው እሺ እንደምለው ነው ያልኋት። ብቆጣት ይሻል ነበር።"

ምን ይባላል?   ጋሽ ሰዒድ ተነሥተው ወደ ጓሮ ገቡና ከልጃቸው ጋር ተመለሱ። ቀጭን ልጅ ናት፤ ሻርፗን እስከ ግንባሯ አውርዳለች። ካርዱን ሰጠኋት። ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንደኛ ናት፤ ባዮሎጂ ዘጠና አራት።

"ዘጠና አራት ብዬህ አልነበር?" አለች ለአባቷ፤ ድምፅዋን ሳታነሣ።

"ብለሽኛል" አሉ። "አሁን ሰማሁሽ። ይቅር በይኝ ልጄ።"

አባት በሰው ፊት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ ስለማላውቅ ወደ ሚስማሮቹ ዞርሁ። የሁሉም ቁጥር ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ እያንዳንዱ በየሳጥኑ። እኔ ብሆን ኖሮ አሥር ቁጥሩን ከስምንት ቁጥሩ ቀላቅዬው ነበር።

ፈቲያ አሮጌውን ካርድ ከደብተሯ መካከል አወጣች። አልቀደደችውም። ሰው አዘውትሮ እንዳየው ወረቀት ጥጉ ታጥፏል።

"ቲቸር፣ ይሄስ የማን ነው?"

"አንዲት ተማሪዬ ናት። ቢቸና።"

"ምን ሆና ነው?"

አልገባኝም። "እንዴት ምን ሆና?"

"ሒሳብ አርባ አንድ፣ ፊዚክስ ሠላሳ ስምንት። ሦስት ቀን ሳየው ነበር። አይሲቲ ላይ ስድሳ ሦስት አላት። እዚያ ከቻለች ሌላውም አይጠፋትም። የሆነ ነገር ሆና ይሆናል ብዬ ነው።"

 "እጠይቃታለሁ" አልኋት። ፈቲያ ካርዱን ሰጠችኝ፤ ጋሽ ሰዒድ ምሳ ካልበላችሁ አትሄዱም አሉ፤ በላን። ሰው የበደለበት ቤት መብላት እንዴት እንደሚያንቅ የበላ ያውቀዋል።

ወደ ቢቸና ስመለስ መስኮት አጠገብ ተቀመጥሁ። ስለ ስክሪፕቷ አላሰብሁም፤ እሷ ተስተካክላለች። ያሰብሁት እነዚያን ቁጥሮች ነበር። ሞጣ ላይ ፈቲያ የምትባል ልጅ ላይ ሲወርዱ አባት ሱቅ ዘጋ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር ስልክ ደወለ፣ እኔ ሥራዬን ትቼ መኪና ተሳፈርሁ። እነዚያው ቁጥሮች፣ አንድም ሳይቀየሩ፣ ቢቸና ላይ የባለቤታቸው ካርድ ላይ ሲታተሙ ግን ማንም ምን ተፈጠረ አላለም። ካርዱን ያተምሁት እኔ ነኝ። ከፕሪንተሩ ትኩሱን አንሥቼ፣ ስሟ መስመሩን ጠብቆ መውጣቱን አይቼ፣ ከሌሎቹ ላይ ደረብሁት። አንዲት ማርክ ጨምሬ ደግ መምህርት ነኝ ብዬም ነበር። ሠላሳ ስምንቷን የሆነ ሰው ተሳስቶ እንደሆነ ልጣራ ያልሁት ሌላ ሰው ስም ላይ ሳገኛት ነው።

ማክሰኞ በዕረፍት ሰዓት ጽጌን ፈለግኋት። ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። እሷ ከክፍሉ በረንዳ ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ደብተሯ ተከፍቷል፤ የምታነበው ግን ደብተሩን አይደለም። ስታየኝ ልትነሣ ፈለገች።

"ተቀመጪ" አልኋት። ምን ብዬ እንደምጀምር መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋኝ። "ጽጌ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ። 

"ማን ነገረዎት?" አለች።

"ሞጣ ነው የሰማሁት።"

"ሞጣ?" አለች። የሞጣ ሰው እንደማታውቅ ፊቷ ላይ ይነበባል። ሳላብራራ ቆምሁ። ሜዳውን አየች፣ ደግሞ እኔን አየች። ከዚያ ደብተሯን አጠፈችና ወንበሩ ጫፍ ድረስ ተጠጋች።

"ይቀመጡ እንግዲህ፤ ረጅም ነው" አለችኝ።